ለሃምስተር የሚሆን ርካሽ ቤት በምን ልሥራ?

ሰላም ናችሁ ወገኖች? የምጽፈው ከደሴ ነው። እህቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ለልጄ ሃምስተር (አይጥ የሚመስል ትንሽ የቤት እንስሳ) አምጥታላት ለጊዜው ካርቶን ውስጥ አስቀምጠነዋል። ሌሊቱን ሙሉ ሲቀረጥፍ ያድራል፤ አንዱን ጥግ ጣት እስኪያሾልክ በስቶታል። ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ ስለሚያድግ አይፈረድበትም። የተዘጋጀ ቤት እዚህ አላገኘሁም፤ ላስመጣ ብል ዋጋው አይቀመስም።

ያሰብኩት ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን ገዝቼ የክዳኑን መሐል በመቁረጥ ሽቦ መግጠም ነው። የዶሮ ሽቦ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ያመልጣል፤ ከ1 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ነው የምፈልገው። ግን በምን ላያይዘው? ማስቲሽ ያኝካል ብዬ ፈራሁ። በብሎን ይሻላል ወይስ በቀጭን ሽቦ መስፋት?

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን ከሥሩ የሚነጠፈው ነው። መሬት ምሶ የሚኖር እንስሳ ስለሆነ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይፈልጋል። እንጨት ቤት ሰጋቱራ በሽ ነው፤ ሆኖም የጥድ ይቀላቀልበታል፣ የጥድ ሽታ ደግሞ ለመተንፈሻው ጥሩ አይደለም። የጤፍ ጭድ የሞከረ አለ? የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ሃምስተር በጣም ሲበርደው የሞተ እስኪመስል ይደነዝዛል። ልጄ እንዲህ ሆኖ እንድታገኘው አልፈልግም።

በእጃችሁ የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ አብሽር በሉኝ፤ የክዳኑን ፎቶ ብቻ ብትልኩልኝም ይበቃኛል።