ማዕበል መጠበቅ ጸሎት ይሆናል?

የቀሃ ልጅ፦
ጎንደሬዎች፣ እንዳትስቁብኝ። ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ስድስት ዓመት ሱቅ ስሠራ ሰርፊንግ፣ ቦርድ ላይ ቆሞ የባሕር ማዕበል መጋለብን፣ ለምጄ መጣሁ። ስሄድ ዋና እንኳ አላውቅም ነበር። አሁን ጠቅልዬ ገብቼ ፒያሳ ሱቅ ከፍቻለሁ፤ ሁሉ ሰላም ነው። ግን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ማንም ሳይቀሰቅሰኝ እነቃለሁ። ባሕር የምወርድበት ሰዓት ነበር።

የናፈቀኝ ማዕበሉ ላይ መቆሙ አይደለም፤ እሱ ቢበዛ አሥር ሴኮንድ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ነው የናፈቀኝ። ቦርዱን እንደ በቅሎ ተቀምጦ፣ እግርን ውኃ ውስጥ ሰዶ፣ ዓይንን ሩቅ ጥሎ ዝም ማለት። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ ሁለት ማዕበል ካገኘሁ ጥሩ ቀን ነው። ማዕበሉም የዚያ ሰፈር ልጅ አይደለም፤ ወደ ደቡብ፣ ውቅያኖሱ ላይ የነፈሰ ነፋስ ወልዶት ቀናት ተጉዞ የሚመጣ ነው። ውኃው ራሱ እንኳ አይጓዝም፤ ጉልበቱ ነው የሚያልፍበት። ቶሎ ና አይባል፣ ቆይ አይባል።

ይህ መጠበቅ ለእኔ ጸሎት ነበር ብዬ ለአባቴ ነገርኋቸው። ድጓ ያስተማሩ ሰው ናቸው። «እኛ መቋሚያ ይዘን ቆመን እናድራለን፣ አንተ ተቀምጠህ ጸለይሁ ትላለህ?» አሉኝና ቡናቸውን ጠጡ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ደግሞስ እዚህ ሆኖ ይህን ነገር ከየት ያገኙታል?

ግንቡ ጥግ፦
ወንድሜ፣ ጨዋታ ነው። ደስ ያለን ሁሉ ጸሎት ከሆነ የእኔ ካርታም ጸሎት ነው። በፈረንጆቹ 2021 ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ በነጥብ ሲወዳደሩበት አይቻለሁ። ዳኛ ነጥብ የሚሰጠው ጸሎት የት አለ?

የታሪክ መምህሩ፦
ነጥቡ ኋላ የመጣ ነው። የሃዋይ ሰዎች ለቦርድ የሚሆነውን ዛፍ ሳይቆርጡ በፊት ሥሩ ላይ ዓሣ ያቀርቡ ነበር። ኦሎ የሚባለው ረጅሙ ቦርድ የመሳፍንቱ ነበር፤ ማዕበልም እንደ ርስት ደረጃ ነበረው ማለት ነው። በፈረንጆቹ 1820 ሚሲዮናውያን ገቡ፤ ራቁትነቱንና ቁማሩን አይተው ነቀፉት። በሽታውም ሕዝቡን ስለፈጀው ሊጠፋ ደርሶ ነበር። በፈረንጆቹ 1912 ስቶክሆልም ኦሎምፒክ ላይ በ100 ሜትር ዋና ወርቅ ያገኘው የሃዋዩ ዱክ ካሃናሞኩ ነው በየአገሩ እየዞረ ያሳየው። ስለዚህ አባትህ በነቀፋው ብቻቸውን አይደሉም፤ ሰላም በልልኝ።

የጎርጎራ ሰው፦
ባሕር የለም ያለው ማነው? ጣና ወርዱ ብቻ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለመጋለብ እንደማይሆን እኔም አውቃለሁ፤ ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍ፣ ነፋሱም የሚንደረደርበት ሜዳ አጭር ነው፤ ማዕበሉ አጭርና ቁጡ ነው የሚሆን። አንተ የምትለው ግን መጋለቡ አይዶለም። ደንገል ታንኳ ላይ ና ተቀመጥ። አባቴ ነፋስ ሲነሣ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ዝም ይል ነበር። «ምን እናድርግ?» ስለው «እስኪነግረን» ይለኛል። ማን እንደሚነግረን ጠይቄው አላውቅም።

የቀሃ ልጅ፦
ግንቡ ጥግ፣ የዳኛውን ነገር አልክድህም፤ እኔን ግን እዚያ ደርባን ከአንድ ባለቦርድ ሽማግሌ በቀር ያየኝ የለም፣ እሱም ይስቅብኝ ነበር። መምህር፣ የዓሣውን ነገር ዛሬ ማታ ለአባቴ እነግራቸዋለሁ፤ «ጣዖት ነው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ።

የጎርጎራው፣ የአባትህ ነገር ገባኝ። ጥምቀት ለት ፋሲለደስ መዋኛ አፋፍ ላይ ቆመን ቡራኬው እስኪያልቅ ስንጠብቅም እንዲያ ነበር፤ ዘልዬ ከገባሁ በኋላ ያለውን ብርዱን ብቻ ነው የማስታውስ። ቅዳሜ እመጣለሁ። ታንኳህ 80 ኪሎ ይችላል?

የጎርጎራ ሰው፦
ማገዶ ጭኜበት ስሻገር ኖሬያለሁ፣ አንተማ ምን ትሆናለህ። ሱሪህ ግን መርጠቡ አይቀርም። በጠዋት ድረስ፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ አለ።