ሙከራው ያለፈ፣ መዝገቡ የጠፋ፦ የመሥሪያና የሙከራ ቅንብር እንዴት ይለያይ?

የአወቱ ዳር፦
ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ሄርማታ አካባቢ ሆኜ ለአንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር የእሸት ቡና መረከቢያ መተግበሪያ በላራቬል (የድር መተግበሪያ መሥሪያ ማዕቀፍ ነው) እሠራለሁ። ገበሬው እሸቱን ያስመዝናል፤ የዕለቱ ዋጋ ከካሽ (ቶሎ እንዲነበብ ለጊዜው ከተያዘ ቅጂ) ይነበብና ደረሰኝ ይወጣል።

ትናንት ማታ ኮዱን የሚፈትሹትን ሙከራዎች አስኬድኩ፤ 42ቱም አለፉ። ጠዋት መተግበሪያውን ስከፍት የመረከቢያው ሠንጠረዥ ባዶ ነው! ከማኅበሩ ደብተር 3 ሳምንት ተቀምጬ የገለበጥኩት ሁሉ የለም። ሙከራዎቹን በሚያስኬደው መሣሪያ፣ በፒኤችፒዩኒት፣ የቅንብር ፋይል ላይ ለሙከራ የተለየ ዳታቤዝ ጽፌአለሁ፤ ስሙን ፊደል በፊደል አየሁት፣ ልክ ነው። ታዲያ ሙከራው የመሥሪያ ዳታቤዜን እንዴት ነካው? ደብተሩ በእጄ ስላለ መዝገቡን እመልሰዋለሁ። ምክንያቱን ሳላውቅ ግን ሙከራ ለማስኬድ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ባለ ሰርቨሩ፦
አይዞሽ እህቴ። ከዚያ በፊት ቅንብሮቹን ካሽ የሚያደርገውን ትእዛዝ ሰጥተሽ ነበር?

የአወቱ ዳር፦
አዎ፣ ከሰዓት በኋላ። ለማኅበሩ ጸሐፊ ስለማሳየው ፈጠን እንዲል ብዬ ነው።

ባለ ሰርቨሩ፦
እሱ ነው። ትእዛዙ የኮንፊግ (የቅንብር) ፋይሎችን ሁሉ በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ቡትስትራፕ ሥር ባለው የካሽ ፎልደር ያስቀምጣል። ከዚያ ወዲያ ላራቬል የዳታቤዝ ስምና የመሳሰለው የሚጻፍበትን የኢንቪ ፋይል አይከፍትም፤ ፒኤችፒዩኒት የሰጠውን የዳታቤዝ ስምም አይሰማም። የሚያየው የተጠቀለለውን ነው፤ እዚያ የተጻፈው ደግሞ የመሥሪያው ስም ነው። በሙከራዎችሽ ውስጥ ሪፍሬሽ ዳታቤዝ የሚባለውን የላራቬል መሣሪያ የምትጠቀሚ ከሆነ እሱ ሠንጠረዦቹን በሙሉ ጥሎ እንደ አዲስ ያዋቅራል። ሙከራው ያለ ችግር ያለፈውም ለዚህ ነው፤ የፈለገውን ንጹሕ ዳታቤዝ አግኝቷል።

አሁኑኑ የተጠቀለለውን ፋይል የሚሰርዘውን የኮንፊግ ክሊር ትእዛዝ ስጪ። ቀጥሎ በፒኤችፒዩኒት ፋይሉ ላይ የተጠቀለለው ፋይል የት እንዳለ የሚናገረውን፣ አፕ ኮንፊግ ካሽ የሚባለውን ተለዋዋጭ ጨምሪና ሌላ የፋይል ስም ስጪው። ያን ጊዜ ሙከራው የመሥሪያውን ካሽ ጨርሶ አያገኘውም። እኔ በዚህም አልረካም። የዳታቤዙ ስም የሙከራው ካልሆነ ሥራውን የሚያቆም መስመር መተግበሪያውን ለሙከራ በሚያስነሳው ክፍል፣ በክሪኤት አፕሊኬሽን ውስጥ አስገባለሁ። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት በሚሠራው በሴትአፕ መጨረሻ ላይ ካደረግሽው ሠንጠረዡ ከጠፋ በኋላ ነው የሚደርሰው።

የአጋሮ ልጅ፦
ዋጋው ያለበትን ካሽም አትርሺ። ካሹ የተቀመጠው በሬዲስ (መረጃን በሜሞሪ የሚይዝ ማከማቻ) ከሆነ ፕሪፊክስ (የስሞቹን መነሻ) መለየት ብቻውን አያድንም፤ ካሹን የሚያጸዳው የካሽ ክሊር ትእዛዝ ፕሪፊክስ ሳይለይ በዚያ ዳታቤዝ ያለውን ሁሉ ይጠርጋል። ሬዲስ እንደተጫነ ከ0 እስከ 15 የተቆጠሩ 16 ዳታቤዞች ስላሉት ለሙከራው አንዱን ለብቻ ስጪው። ከሁሉ የሚቀለው በሙከራ ጊዜ አሬይ ድራይቨር የሚባለውን የካሽ ዓይነት መጠቀም ነው፤ ካሹ በኮምፒውተሩ ሜሞሪ ብቻ ተይዞ ሙከራው ሲያልቅ አብሮ ይጠፋል።

የአወቱ ዳር፦
ሁለታችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ መልሼ አስገባሁ፣ ሆን ብዬ ቅንብሩን ካሽ አደረግሁ፣ ሙከራዎቹን አስኬድኩ። ወዲያው ሠንጠረዡን ከፈትኩ፦ የመጀመሪያዋ መስመር፣ 38 ኪሎ እሸት፣ እዚያው ናት። ሬዲሱንም በአሬይ ተካሁት። ከ42ቱ ግን አንዱ አሁን ወደቀ፤ የደረሰኙ ሙከራ ነው። ዋጋውን እስከዛሬ የሚያነበው ከመሥሪያው ካሽ ኖሯል። ዛሬ ማታ የራሱን ዋጋ እሰጠዋለሁ።