የቪጎ ፊት ዝቅ ብሏል፦ ስፔሰር ላስገባ ወይስ ሞላ ልቀይር?

መኖ_ጫኝ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ሂሉክስ ቪጎ ነው፤ 2012 ሞዴል፣ ደብል ካብ፣ ፎር ዊል፣ ናፍታ። ባዶውን ሲቆም ፊቱ ያጎነብሳል። ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው (የጎማ መሸፈኛው) ጠርዝ ስለካው ፊት ግራ 47፣ ፊት ቀኝ 48.5፣ ኋላ ሁለቱም 53.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ፊት ለፊት የብረት ቡልባር አለው፣ ዊንች የለውም። የሚሠራው ከሱሉልታ እስከ ጫንጮ ባለው አስፋልትና በየመሃሉ በሚገባው ኮረኮንች ላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ ሰባት ስምንት ኩንታል መኖ ይጫንበታል።

ሶማሌ ተራ ባለ 32 ሚሊ ሜትር የአልሙኒየም ስፔሰር (ሾኩ ራስ ላይ የሚገባ ማንሻ ቁራጭ) አለ፤ ቶርኖ ቤትም እንሠራልሃለን ብለውኛል። 32ቱ ልክ ነው? ግቢ ውስጥ ፈትቶ መግጠም ይቻላል? ከገጠምኩ በኋላስ ምን ምን መስተካከል አለበት?

ብራቾ

ወንድሜ፣ ከመግዛትህ በፊት ቁጥሮችህን እንደገና ተመልከታቸው። በፊት ግራና ቀኝ መካከል የ1.5 ሴንቲ ሜትር ልዩነት አለ። ስፔሰር ይህን አያስተካክልም፤ ሁለቱንም እኩል ያነሳና ልዩነቱን እንዳለ ይተወዋል። መጀመሪያ ሜዳ የሆነ ሲሚንቶ ላይ አቁመው፣ የጎማዎቹን ነፋስ እኩል አድርግ፣ ትንሽ ወደፊትና ወደኋላ ነድተህ አረጋጋውና ድጋሚ ለካ። አሁንም ግራው ዝቅ ካለ የሾፌር በኩል ሞላ ደክሟል ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ቡልባሩ ነው። የብረት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ያ ሁሉ ከፊት ጎማዎቹም አልፎ ነው የተንጠለጠለው። ስፔሰር ከፍታ ይሰጣል እንጂ ክብደት አይሸከምም። የደከመ ሞላ ላይ ስታስገባው መኪናው ሲቆም ያምራል፣ ኮረኮንች ላይ ግን ፊቱ እንደ በፊቱ እስከ መጨረሻው እየወረደ ይደበድባል። ስለዚህ ለዚህ መኪና የኔ ምርጫ ቡልባር ለመሸከም የተሠራ ጥንድ የፊት ሞላ ነው። ሾኩም ዘይት ካላበ አብሮ ይቀየር፤ አንዴ ከወጣ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ መፍታት የድካም ድካም ነው። አንዱን ሞላ ብቻ መቀየር ግን አይታሰብ።

ሞላዎቹ ደህና ሆነው ከተገኙና በስፔሰር ልጨርሰው ካልክ ደግሞ 32 በዛ። ሾኩ ታችኛውን ብራቾ (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን ክንድ) የሚይዘው ጫፉ ላይ አይደለም፣ ወደ መሃሉ ነው። በዚህ ምክንያት ከሾኩ ራስ ላይ የምታስገባው ውፍረት ጎማው ጋ ሲደርስ ወደ እጥፍ ይጠጋል። 32 ሚሊ ሜትር ስድስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ያነሳልሃል። በቀኝ በኩል 54.5 ገባህ፣ ከኋላው በለጥህ። ስምንት ኩንታል ሲጫንማ ኋላው ይወርድና አፍንጫው ሰማይ ያያል። 20 ሚሊ ሜትር ይበቃሃል፤ ወደ 52 ያደርስሃል። ባዶውን ሲሆን ኋላው አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለቱ ጉድለት አይደለም፣ ፋብሪካው ለጭነት ያስቀመጠው ነው።

የስፔሰር ወፍራምነት ሌላም ጣጣ አለው። ሾኩ በሙሉው ወደ ታች ስለሚገፋ ጎማው አየር ላይ ሲንጠለጠል ከድሮው የበለጠ ይወርዳል፤ የፍሬን ጎማ ቱቦው፣ የኤቢኤስ ሽቦው፣ ቦል ጆይንቱ (የብራቾው ጫፍ መገጣጠሚያ ኳስ) እና ሴሚያሱ (ኃይል ወደ ጎማው የሚወስደው ዘንግ) ይወጠራሉ። ሲጨመቅ ደግሞ ሻንሲው ላይ ያለው ከላስቲክ የተሠራ ማቆሚያ ሳይነካ ሾኩ ውስጥ ለውስጥ ብረት ለብረት ሊመታ ይችላል። በስፔሰር ሾክ ቶሎ ቶሎ የሚፈነዳው አንዱ በዚህ ነው።

ቶርኖ ቤት መሥራቱ በራሱ ክፋት የለውም። የሚታየው ብሎኑ ነው፦ 10.9 የተጻፈበት ይሁን፣ በብየዳ የተያዘ አትቀበል። የሾኩ የራሱ ሦስት ብሎኖችም ከነዳዷቸው ስፔሰሩ ውስጥ ሰምጠው መቅረት አለባቸው። ጫፋቸው ብቅ ካለ ስፔሰሩ ከመቀመጫው ጋር አይገጥምም፣ በግድ ብታጠብቀው ደግሞ እየላላ ይንኳኳል።

ክሪክና_ካቫሌቶ

ስለ አሠራሩ። ግቢህ የሲሚንቶ ወለል ካለው ይቻላል፤ አፈር ላይ ግን አትሞክረው፣ ካቫሌቶው (መኪናውን የሚሸከመው መቆሚያ) ይሰምጣል። ሁለት ሰው ሁኑ። ብሎኖቹን በዋዜማው ዝገት ማላቀቂያ ርጩባቸው።

የእጅ ፍሬን ያዝ፣ የኋላ ጎማዎች ላይ ታኮ አድርግ፣ የጎማ ዳዶዎችን ጎማው መሬት ሳለ አላላ። ከዚያ ፊቱን በሁለቱም በኩል አንሳና ሻንሲው ላይ በካቫሌቶ አሳርፍ። አንዱን ጎን ብቻ ካነሳህ ስታቢላይዘሩ (ግራና ቀኙን የሚያገናኘው ዘንግ) ይታገልሃል። የስታቢላይዘሩን ሊንክ በሁለቱም በኩል ፍታ፣ የኤቢኤስ ሽቦውንና የፍሬን ቱቦውን መያዣ ከብራቾው ላይ አላቅቅ።

ታችኛውን ብራቾ በክሪክ ደግፍ። ከላይኛው ቦል ጆይንት ላይ ኮፒሊያውን (ዳዶው እንዳይላላ የሚይዘውን ሽቦ) አውጣ፣ ዳዶውን አላላው እንጂ ሙሉ በሙሉ አታውጣው። ቦል ጆይንቱ የገባበትን ጆሮ ከጎኑ በመዶሻ ስትመታው ይለቃል። ሹካ የሚባለውን ማላቀቂያ አታስገባ፣ የቦል ጆይንቱን የላስቲክ ሽፋን ይቀደዋል። ሲለቅ ዳዶውን አውጣና ዲስኩን ከነተሸካሚው በሽቦ ከሻንሲው ጋር እሰረው። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ዲስኩ ወደ ውጭ ከወደቀ ሴሚያሱ ከውስጥ በኩል ይወጣል፣ የፍሬን ቱቦውም ክብደቱን ይሸከማል።

ከዚያ የሾኩን የታች ብሎን፣ ቀጥሎ የላዮቹን ሦስት ዳዶዎች በ14 ቁልፍ ፍታ። መሃል ላይ ያለውን ትልቁን ዳዶ እንዳትነካው። ሞላውን አምቆ የያዘው እሱ ነው፤ ያለ ሞላ መጭመቂያ ከተፈታ ሰው ይገድላል። ሞላ የምትቀይር ከሆነ ይህን ክፍል መጭመቂያ ላለው ጋራዥ ስጠው። ሾኩን ከማውጣትህ በፊት ወደ ውጭ የሚያየውን ጎን በቀለም ምልክት አድርግ፣ አለዚያ ስትመልሰው የታችኛው ቀዳዳ አይገናኝም።

ስፔሰሩን ሾኩ ራስ ላይ አስረህ መልስ። የታች ብሎን አልገባ ካለ ብራቾውን በረጅም ብረት ወደ ታች መጫን ነው። ኮፒሊያው አዲስ ይሁን። የሾኩን የታች ብሎን አሁን አስገባው እንጂ አታጥብቀው፤ ጎማው ተንጠልጥሎ ካጠበቅኸው ቦኮላው (የሾኩ ጆሮ ውስጥ ያለው ላስቲክ) ተጠማዝዞ ይቀራል፣ ሳይቆይም ይቀደዳል። መኪናው መሬት ወርዶ ፊቱን ጥቂት ጊዜ ከጫንከው በኋላ አጥብቅ። ስታቢላይዘሩም መጨረሻ ላይ ነው የሚታሰረው።

ከማውረድህ በፊት መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙርና ሦስት ቦታ ተመልከት፦ የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር፣ ላይኛው ብራቾ ሞላውን እንዳይነካ፣ የሴሚያሱ ጎማ እጥፋቶች እርስ በርስ እንዳይፋተጉ። ብራቾው ሞላውን ከነካ ስፔሰሩ በዛ ማለት ነው፤ ሌላ መድኃኒት አትፈልግ። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ሁሉንም ዳዶ እንደገና በቁልፍ ዳስስ።

ቀጥ_በል

ከገጠምክ በኋላ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) የግድ ነው፣ ግን ምን እንደሚሠራልህ እወቅ። ፊቱ ሲነሳ ጎማው ከላይ ወደ ውጭ ያዘነብላል (ካምበር የሚባለው ነው)፣ ካስተር (መሪው የሚዞርበት መስመር ወደኋላ ማዘንበል) ይቀንሳል፣ ቶውም (የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማየት) ይዛባል። ብዙ ቤት ቶውን ብቻ አስተካክሎ ይሸኝሃል። ያኔ መኪናው ጎማ ላይበላ ይችላል፣ ነገር ግን አስፋልት ላይ ሲፈጥን ይዋኛል፣ መሪውም ከመታጠፊያ በኋላ ራሱን ችሎ አይመለስም፤ ያ የካስተር ማነስ ነው። የቪጎ ካምበርና ካስተር የሚስተካከለው በታችኛው ብራቾ ሥር ባሉት ባለ ቁጥር ብሎኖች ነው። ዝገው ስለሚደርቁ ሠራተኛው መንካት አይወድም፤ ቀድመህ ዘይት አጠጣቸው። ከሥራው በፊትና በኋላ ያለው ንባብ የታተመበት ወረቀት ጠይቅ። ካስተሩ በግራና በቀኝ ካልተቀራረበ መኪናው ወደ አንዱ ይጎትታል።

መብራቱን አትርሳ። በቪጎ የፊትና የኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 3,085 ሚሊ ሜትር ነው። ፊቱን አራት ሴንቲ ሜትር ስታነሳ 1.3 በመቶ ወደ ላይ አዘነበልከው፤ አጭር መብራት በተለምዶ ወደ ታች የሚጎነበሰውም ያንኑ ያህል ነው። ስለዚህ አጭሩ መብራት የተቃራኒውን ሾፌር ዓይን ውስጥ ይገባል። ከግድግዳ 10 ሜትር ርቀህ ቁም፣ የብርሃኑን የላይኛ ጠርዝ ከአምፖሉ ከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርገው። የቦሎ ምርመራ ላይም የሚያዩት ነገር ነው።

መኖ_ጫኝ

ድጋሚ ለካሁት፣ ግራው አሁንም ዝቅ ይላል። ስለዚህ ጥንድ ሞላ ይሁን። ኋላውስ ሲጫን እንዳይወርድ አንድ ባሌስትራ (የኋላ ዝርግ ሞላ) ልጨምር?

ዲማክስ_08

ይቅርታ በመሃል ልግባ፣ 2008 ዲማክስ ፎር ዊልስ? ፊቱ ሞላ የለውም።

ብራቾ

@መኖ_ጫኝ ባሌስትራው ካልተሰበረና ካልተገለበጠ አትጨምር። ብትጨምር ግን ከኋላ አክሱሉ ወደ ሻንሲው የሚሄደው ቀጭን ዘንግ ካለህ ተመልከተው። ጭነት እያየ የኋላ ፍሬን የሚመጥነው ቫልቭ ዘንግ ነው። ኋላው ከፍ ሲል ቫልቩ መኪናው ባዶ ይመስለዋል፣ ተጭነህም የኋላ ፍሬን ይቀንስብሃል። ዘንጉ በዚያው መጠን መስተካከል አለበት።

@ዲማክስ_08 ያንተ ቶርሽን ባር (እየተጠማዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ) ነው፣ ስፔሰር አይገባውም። ከባሩ ኋለኛ ጫፍ መሃል ድልድዩ (የሻንሲውን ሁለት ጎን የሚያገናኘው ብረት) ላይ ማስተካከያ ብሎን አለ። ፊቱን አንስተህ ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ አዙር፣ ጭነት ላይ ካዞርከው ጥርሱን ትበላዋለህ። በሁለቱም በኩል እኩል ዙር፣ ከዚያ አውርደህ ትንሽ ነድተህ ለካ። ከሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አትለፍ፤ ከዚያ በላይ ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ያልቅና ጉድጓድ በገባህ ቁጥር ላይኛው ብራቾ ማቆሚያውን ይመታል። አላይመንቱ ለአንተም ያው ነው።