የኦክቶበሩ የቤዝቦል ዝግጅት፦ የጋራ ሐሳባችንን እንጨርስ

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልን። የወጣቶችና የአዛውንቶች ክፍል ያዘጋጃችሁት ረቂቅ ደርሶኛል። ዝግጅቱ እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ ከዩ ስትሪት ተነስተን የድሮው የቤዝቦል ሜዳ ግሪፊዝ ስታዲየም ወደነበረበት በእግር መሄድና፣ ድሮ ነጭና ጥቁር ተጫዋቾች ከሊግ ውጭ፣ በተለይ በኦክቶበር፣ ስላደረጉት ግጥሚያ እዚያው ገለጻ መስማት ነው። ቦታው ላይ ዛሬ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው ያለው። ብዙዎቻችን ልጅ የሳምንበት ግቢ! እስቲ አስተያየት ስጡበት።

የወጣቶች ክፍል፦ ገለጻው በ1946 (እ.ኤ.አ.) ይጀምር። ሲዝኑ እንዳለቀ ነጩ ቦብ ፌለርና ጥቁሩ ሳቸል ፔጅ የየራሳቸውን ቡድን ይዘው በአውሮፕላን ከከተማ ከተማ እየዞሩ ተጋጠሙ። ሁለቱም የጊዜው ቁንጮ ወርዋሪዎች (ኳሱን ለመቺው የሚወረውሩ፣ ፒቸር የሚባሉት) ናቸው። ዘር ሳይለያቸው አብረው መጫወታቸውን ልጆቻችን ቢሰሙ ደስ ይለናል።

ከአዛውንቶች፦ ልጆቼ፣ ጥሩ አስባችኋል። ግን ነገሩን የፍቅር ታሪክ ብቻ አናድርገው። ያገናኛቸው በዋናነት ገንዘብ ነው። ደሞዝ የሚከፈለው በጨዋታ ወቅት ስለነበር፣ በመጸውና በክረምት ሁሉም የራሱን እንጀራ ይፈልጋል። ማታ ደግሞ ነጩ ሆቴል ሲገባ ጥቁሩ በብዙ ከተማ ማደሪያ ይከለከላል። ከ1946 ቀደም ብሎም የነጮቹ ሊግ የበላይ ኃላፊ (ኮሚሽነር) የነበረው ላንዲስ ነጮቹ ሙሉ ቡድን ሆነው በክለብ ማሊያቸው እንዳይጋጠሙ ከለከለ። ከክልከላው በፊት ነጮቹ ብዙ ጊዜ ይሸነፉ ነበር።

ፌለርን ካነሳችሁ ይህንንም ጨምሩ፦ ጥቁሩን ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰንን ሜዳ ላይ ገጥሞት አይቶ፣ ያኔ የነጮች ብቻ በነበረው ትልቁ ሊግ ውስጥ አይሳካለትም ብሎ ነበር። ሮቢንሰን በ1947 ገባ፤ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪም ተባለ። ሌላው ነጭ ወርዋሪ ዲዚ ዲን ግን ፔጅን በአደባባይ ያደንቀው ነበር። ፌለርም ዲንም ይነገሩልን።

ሒሳብ ያዥ፦ ዲንና ፔጅ እዚሁ ግሪፊዝ ላይም ተገናኝተዋል፤ ሜይ 1942። ፔጅ ለጥቁሮቹ ቡድን ለሆምስቴድ ግሬይስ ወርውሮ የዲን ቡድን ተሸነፈ። ወቅቱ ኦክቶበር ባይሆንም የሰፈራችን ስለሆነ ይግባ። ለአውቶቡስ ወጪ የለብንም፤ መንገዱ አጭር ነው።

ሌላ አባል፦ «ኢትዮጵያን ክላውንስ» የት ገባ? በየከተማው እየዞረ የሚጫወት የጥቁሮች ቡድን ነበር። ፊታቸውን ቀለም ቀብተው፣ የፈጠራ የአፍሪካ ስም ለጥፈው ሕዝብ ያስቁ ነበር። ጎበዝ ተጫዋቾች ነበሩ፤ ገበያው ግን ቀልዱን ይፈልግ ነበር። በ1943 የጥቁሮች ሊግ ሲገቡ «ኢትዮጵያን» የሚለውን ጣሉት። በእኛ ስም ስለተደረገ ዝም ብለን አንለፈው።

የወጣቶች ክፍል፦ ተቀብለናል። ፌለርና ዲን ጎን ለጎን ይቀርባሉ፤ የማደሪያውን ጉዳይ እኛ እናዘጋጃለን። ክላውንስን አዛውንቶች ያቅርቡልን።

ጸሐፊ፦ ጥሩ። የተስተካከለውን ረቂቅ እሁድ እልካለሁ። ሆስፒታሉ በር ላይ ሰው ሰብስበን መቆም እንድንችል ፈቃድ የሚጠይቅ አንድ ሰው ይመዝገብ።