የሊፍቱን ወጪ ማን ይክፈል? ግራ ገብቶኛል

ሰላም ለሁላችሁ። የሕንፃችን የቤት ባለቤቶች ማህበር ገንዘብ ያዥ ከሆንኩ 4 ወር ሆነኝ። እምቢ ማለት አቅቶኝ ነው የገባሁበት። ወርሃዊ መዋጮው ለጥበቃ፣ ለጽዳትና ለጋራ መብራት ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ካዝናው ባዶ ነው። አሁን ሊፍቱ ቆመ። ጥገናው የ7 ወር መዋጮ ይበላል።

ምድር ወለል ያሉት «እኛ ሊፍት አንጠቀምም፣ ለምን እንከፍላለን?» ይላሉ። እውነት አላቸው ልል ስል፣ የላይኞቹ «እንግዲያው ጣሪያው ሲያፈስ እኛ ለብቻችን ልንከፍል ነው?» አሉኝ። እሱም ልክ ነው! ሰፊ ቤት ያላቸው እኩል ይሁን፣ ባለ ስቱዲዮዎቹ ደግሞ በካሬ ይሁን ይላሉ። መተዳደሪያ ደንባችን «ወጪ በጋራ ይሸፈናል» ብሎ ዝም።

ለወደፊቱ የሊፍቱን፣ የውሃ ፓምፑንና የጣሪያውን መቀየሪያ ዋጋ ለቀራቸው ዕድሜ አካፍዬ፣ በየወሩ በተለየ አካውንት ማስቀመጥ አስቤያለሁ። ግን መዋጮ ሊጨምር ነው፤ ስብሰባ ላይ ቁም ስቅሌን ያሳዩኛል።

እናንተ በምን አከፋፈላችሁት? ሦስት ቤቶች ደግሞ ጭራሽ ከፍለው አያውቁም። ጎረቤት ናቸው፣ በየቀኑ ሰላም እንባባላለን። ሳንጣላ እንዴት ላስከፍላቸው? ስብሰባው እሁድ ስለሆነ ቶሎ ብትመልሱልኝ።