እያወቀ የሚያጠፋ ሰው አለ? ሶቅራጥስ «የለም» ይላል

አስጀማሪው፦
ለክርክር የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። ሰው ክፉ የሚሠራው ክፉ መሆኑን እያወቀ ነው ወይስ ሳያውቅ? የጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ ሶቅራጥስ «ማንም ወዶ አያጠፋም» የሚል አቋም ነበረው። በእርሱ ዘንድ በጎነት ዕውቀት ነው፤ ክፋትም ሁሉ የሚመነጨው ካለማወቅ ነው። እኔ ይህን መቀበል አቅቶኛል። የአቃተኝ በመጽሐፍ ምክንያት አይደለም። የሰፈራችን ዕድር ገንዘብ ያዥ 11 ዓመት ያገለገለ፣ ሐዘን ቤት ከሁሉ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነበር። ባለፈው ዓመት ሒሳብ ሲመረመር ገንዘቡ ጎድሎ ተገኘ። ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ ሲጠየቅ፣ «የሙት ገንዘብ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም» አለ። እንግዲህ ይህን ሰው «አላወቀም» ልንለው ነው? እንቅልፍ የነሣው ማወቁ አይደለምን? ሶቅራጥስ እዚህ ላይ ተሳስቷል ብዬ እከራከራለሁ።

ጠበቃው፦
በሙሉ ልብ እስማማለሁ። የወንጀል ኃላፊነት ዋናው ምሰሶ ማወቅና መፍቀድ ነው። አጥፊ ሁሉ ያልተማረ ከሆነ ቅጣት ምን ይሠራል? ያላወቀን ሰው ማሰር ግፍ ይሆናል።

የፍልስፍና መምህሩ፦
ወንድሞቼ፣ ያነሣችሁትን ተቃውሞ ሶቅራጥስ ራሱ ቀድሞ አንሥቶታል። ደቀ መዝሙሩ ፕላቶ በ«ፕሮታጎራስ» ድርሰቱ እንደሚተርከው፣ ሶቅራጥስ አቴና ውስጥ በባለጸጋው በካልያስ ቤት ከታዋቂው መምህር ከፕሮታጎራስ ጋር ይከራከራል። እዚያ ላይ፣ ብዙ ሰው ዕውቀትን እንደ ባሪያ ይቆጥረዋል ይላል። አንድ ጊዜ ቁጣ፣ አንድ ጊዜ ደስታ፣ ሌላ ጊዜ ሐዘን፣ ፍቅር ወይም ፍርሃት እየጎተተ የሚወስደው ባሪያ ማለቱ ነው። የእናንተ አቋም ይኸው ነው።

የእርሱ መልስ ደግሞ ከዓይን ይጀምራል። አንድ ነገር ቅርብ ሲሆን ትልቅ፣ ሩቅ ሲሆን ትንሽ መስሎ ይታያል። ነፍስም ደስታንና መከራን የምታየው እንደዚሁ ነው። ዛሬ የሚገኘው ጥቂት ጥቅም ተራራ ያህላል፤ የከርሞው ውርደት ጠጠር ያህላል። ስለዚህ «ደስታ አሸነፈኝ» የሚል ሰው በእውነት የደረሰበት ነገር የመለኪያ ስሕተት ነው። ሕይወታችንን የሚያድናት የመለካት ጥበብ ነው፤ ይህ ጥበብ ያለው ሰው ቅርቡንም ሩቁንም በልኩ ስለሚያይ አይሳሳትም። ገንዘብ ያዡ ሌሊት አልጋው ላይ ሆኖ ያውቅ ነበር፤ ይህን አልክድም። ቀን ሣጥኑን ሲከፍትስ? የቤት ኪራዩ ፊቱ ቆሞ፣ የሽማግሌዎቹ ሸንጎ ገና አንድ ዓመት ርቆ ሳለ፣ ያ ዕውቀት በቦታው ነበረ? ሶቅራጥስ በየሰዓቱ የሚያድግና የሚያንስ ነገር ዕውቀት ሊባል አይገባውም ነው የሚለው።

ነርሷ፦
መምህር፣ ያቀረቡት ክርክር ግሩም ነው፤ ነገር ግን በየቀኑ የማየው ነገር ያፈርሰዋል። የስኳር ሕሙማን ክትትል ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። አንድ አባት አሉ። ስለ በሽታቸው ከእኔ የማያንስ ያስረዳሉ፤ አዲስ ለሚመጡ ሕሙማን ሲመክሩ ሰምቻቸዋለሁ። የእግራቸው ጣት ተቆርጧል። ሻያቸውን በሦስት ማንኪያ ስኳር ይጠጣሉ። እዚህ ላይ የሩቅና የቅርብ መለኪያ ምን ይሆናል? የተቆረጠው ጣት ሩቅ አይደለም፤ ጫማ ባጠለቁ ቁጥር ያዩታል። «አባቴ፣ ለምን?» ስላቸው፣ «ልጄ፣ አውቄ አላቆምም» አሉኝ። ይህችን ቃል ሶቅራጥስ እንዴት እንደሚተረጉማት እስካሁን አልተነገረኝም።

ዲያቆኑ፦
እኅቴ የጠቀሰቻቸው አባት ቃል በሁለት ቦታ ተጽፎ አለ። አንዱ ሮሜ ምዕራፍ 7 ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስ የሚወደውን በጎ ነገር እንደማያደርግ፣ የማይወደውን ክፉ ግን እንደሚያደርግ የሚናገርበት። ሁለተኛው ከዚያ ከ400 ዓመት በላይ ይቀድማል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 ዓመት አቴና ውስጥ በታየው የኤውሪጲደስ ተውኔት፣ ሜዴያ ልጆቿን ልትገድል ስትል ልታደርገው ያለችው ክፉ መሆኑን እንደምታውቅ፣ ቁጣዋ ግን ከምክሯ እንደሚበረታ ትናገራለች። ሶቅራጥስ በዚያ ዘመን አቴና ውስጥ የሚኖር ጎልማሳ ነበር። «ማንም ወዶ አያጠፋም» ሲል ከተማው ይህን ሁሉ እየሰማ ነው።

ስለ ቃላቱም ልጨምር። ግሪኮቹ «አሬቴ» የሚሉትን እኛ «በጎነት» ስንል ጠበብ ይላል። የቢላዋ አሬቴ ስለቱ ነው፤ የዓይን አሬቴ ማየቱ ነው። «ተረፈ» ከሚለው የሚወጣው የግእዙ «ትሩፋት» ይሻላል፤ መትረፍረፍና መላቅ አለበትና። ሶቅራጥስ ዘወትር ስለ ጫማ ሰፊና ስለ መርከብ ነጂ የሚያወራው በዚህ የተነሣ ይመስለኛል። በገላትያ መልእክት «ራስን መግዛት» ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃልም ፈላስፎቹ በዚህ ክርክር ውስጥ የሚጠቀሙበት ቃል ነው። መሠረቱ ሥልጣን፣ ኃይል ማለት ነው። ራስን መግዛት ካለ ደግሞ ገዥና ተገዥ ሊኖሩ ግድ ነው። አንድ ሰው ውስጥ ሁለቱ ከየት መጡ?

የፍልስፍና መምህሩ፦
ዲያቆን፣ ይህን ጥያቄ ፕላቶ ራሱ ጠይቆታል፤ መምህሩን የተለየበትም ቦታ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በ«ሪፐብሊክ» 4ኛ መጽሐፍ የሊዮንቲዮስን ታሪክ ያነሣል። ሰውየው ከፒሬዎስ ወደብ ወደ ከተማ ሲወጣ፣ ከቅጥሩ ውጭ ሞት የተፈረደባቸው ሰዎች አስከሬን ወድቆ ያያል። ሊያይ ይፈልጋል፤ ደግሞ ይጸየፋል። ፊቱን ሸፍኖ ከራሱ ጋር ሲታገል ቆየ። በመጨረሻ ተሸነፈና ዓይኑን በልጥጦ ወደ ሬሳዎቹ ሮጠ፤ «እናንተ እርጉሞች፣ ይኸው ጥገቡ!» እያለ የገዛ ዓይኖቹን ረገማቸው።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር እደነግጣለሁ። የሚረግመው ማን ነው? የሚረገመውስ? ፕላቶ ከዚህ ተነሥቶ ነፍስን ለሦስት ይከፍላታል፤ የሚያስበው፣ የሚቆጣው፣ የሚመኘው። ፍትሕ ማለት እነዚህ ሦስቱ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሥራ ሲሠሩ ነው።

ዲያቆኑ፦
እዚህ ላይ እንዳንሳሳት። የእኛ ሊቃውንት ሦስቱ ባሕርያተ ነፍስ የሚሉት ልባዊነት፣ ነባቢነትና ሕያውነት ነው። ቁጥሩ ቢገጥምም ነገሩ ሌላ ነው፤ የእኛዎቹ ሦስቱ እርስ በርስ አይዋጉም፤ የፕላቶዎቹ ይዋጋሉ።

የታሪክ ተማሪዋ፦
እኔ ደግሞ ከታሪክ ልጠይቅ። በጎነት ዕውቀት ከሆነ በትምህርት መተላለፍ አለበት። ታዲያ «ሜኖ» በተባለው የፕላቶ ድርሰት ሶቅራጥስ ራሱ የአቴናን ታላላቅ መሪዎች ልጆች ይቆጥራል። ቴሚስቶክልስ ልጁን ፈረስ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ጦር እስኪወረውር ድረስ አሠለጠነው፤ በአባቱ በጎነት ግን ልጁን ያመሰገነው የለም። የፔሪክልስም ልጆች እንዲሁ።

የሶቅራጥስስ ወዳጆች? ክሪቲያስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ404 ዓመት አቴናን በደም ካጨቀዩት ከሠላሳዎቹ ገዥዎች ዋነኛው ሆነ። አልኪቢያዴስ በ415 ከተማዋን ወደ ሲሲሊ ዘመቻ አነሣሥቶ ራሱ ወደ ጠላት ወደ ስፓርታ ኮበለለ። በ399 ሶቅራጥስ ሞት ሲፈረድበት ብዙ አቴናውያን እነዚህን ሁለቱን ሳያስቡ አልቀሩም። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ፕላቶ በ«ግብዣው» ድርሰቱ ለአልኪቢያዴስ የሰጠው ቃል ነው። በሕይወቱ የሚያፍረው በሶቅራጥስ ፊት ብቻ እንደሆነ፣ ማድረግ ያለበትን እንደሚያውቅ፣ ከፊቱ ዞር ሲል ግን የሕዝብ ክብር እንደሚያሸንፈው ይናዘዛል። ይህ ሰው ከሶቅራጥስ ከራሱ አፍ ተምሯል። ካላወቀ ማን ያውቃል?

የፍልስፍና መምህሩ፦
እኅቴ፣ ይህ ጠንካራ ነው። ሆኖም ሶቅራጥስ ተከታይ አላጣም። ጳውሎስ አቴና ላይ ያገኛቸው ኢስጦኢኮች የተባሉት ፈላስፎች ነፍስ አንዲት ናት፣ ቁጣም የተሳሳተ ፍርድ ነው ብለው ጸንተዋል። ከእነርሱ ወገን የሆነው ኤፒክቴጦስ፣ ባሪያ ሆኖ ያደገ ሰው፣ ስለ ሜዴያ ሲናገር ተታለለች ይላል። መታለሏን አጥርታችሁ አሳዩአት፤ አታደርገውም። እስክታሳዩአት ግን የመሰላትን ከመከተል በቀር ምን ታድርግ? መንገድ የጠፋባትን ሴት እዘኑላት እንጂ አትቆጧት ይላል። ባሪያ የነበረ ሰው ይህን መናገሩ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ጠበቃው፦
ማዘን ሌላ፣ ከተጠያቂነት ነጻ ማውጣት ሌላ። እኔ ወደ ፕላቶ ተማሪ ወደ አርስቶትል እሄዳለሁ። በ«ኒቆማኪያ ሥነ ምግባር» 3ኛ መጽሐፍ፣ ሰክሮ ያጠፋ ሰው ቅጣቱ እጥፍ እንደሚሆን ያነሣል፤ የሚቲሌኔው ጲጣቆስ እንዲህ ያለ ሕግ አውጥቶ ነበር። ሰካራሙ በዚያች ሰዓት አያውቅም፤ ልክ ነው። አለመስከር ግን በእጁ ነበር። ድንጋይ የወረወረ ሰው ድንጋዩን ከአየር ላይ ሊመልሰው አይችልም፤ መወርወሩ ግን የእርሱ ሥራ ነው። ስለዚህ መምህር፣ ገንዘብ ያዡ ሣጥኑን ሲከፍት ዕውቀቱ ጨልሞበት ነበር ቢሉኝ እንኳ፣ መብራቱን ያጠፋው ማን ነው ብዬ እጠይቃለሁ።

የፍልስፍና መምህሩ፦
በዚህ ተረታሁ ማለት ይቀለኛል። ነገር ግን አርስቶትል በ7ኛው መጽሐፍ ወደ ሶቅራጥስ እንደሚመለስ አትርሳ። በመጀመሪያ፣ የሶቅራጥስ አባባል በግልጽ ከሚታየው ነገር ጋር ይጋጫል ይላል። ከዚያ ግን፣ በምኞት የተያዘ ሰው ዕውቀቱን የሚይዘው እንደ ተኛ፣ እንደ አበደ ወይም እንደ ሰከረ ሰው ነው ይላል። ሰካራም የፈላስፋውን የኤምጴዶክልስን ግጥም ሳይሳሳት ሊወጣው ይችላል፤ አፉ ይናገራል፣ ቃሉ ግን ውስጡ አልገባም። ዕውቀት ከሰው ጋር አብሮ መብቀል አለበት፤ ለዚያም ጊዜ ይፈልጋል።

ነርሷ፦
ይህ የእኔ አባት ነው! ለሌሎች ሕሙማን ሲመክሩ የምሰማው ቃል ልክ ነው፤ አንዲት ነገር አይሳሳቱም። እኔም ቃሉን ስሰማ አወቁ ብዬ መዝገባቸው ላይ «ትምህርት ተሰጥቷል» ብዬ እጽፋለሁ። አርስቶትል የሐኪማቸውን ምክር በጥሞና ሰምተው ምንም የማያደርጉ ሕሙማንን እንደሚጠቅስ ተማሪ ሳለሁ አንብቤ ነበር፤ ያኔ አልገባኝም። ቤት ገንቢ የሚኮነው በመገንባት፣ ደግ የሚኮነው ደግ በመሥራት ከሆነ፣ ለእኒህ አባት አሥር ጊዜ ከማስረዳት ሦስቱን ማንኪያ ወደ ሁለት የምታወርድላቸውን ልጃቸውን ማስጠራት ነበረብኝ።

የታሪክ ተማሪዋ፦
አርስቶትልን ከማንገሣችን በፊት አንድ ነገር ይመዝገብልኝ። «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ ባሪያ የመምከር ችሎታ ጨርሶ የለውም፣ ሴት አላት ግን ሥልጣን የለውም ይላል። ባሪያ የነበረው ኤፒክቴጦስ ከዘመናት በኋላ እነዚያኑ ጥያቄዎች አንሥቶ ሲያስተምር ይህ አባባል ፈርሷል። ስለ ልማድ የተናገረውን እቀበላለሁ፤ ማን ራሱን መግዛት እንደሚችል የወሰነበትን አልቀበልም።

ዲያቆኑ፦
እውነት ነው። እኔ የምቆጨው በሌላ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አባ ሚካኤል ከዐረብኛ ወደ ግእዝ በመለሱት «አንጋረ ፈላስፋ» ውስጥ ሶቅራጥስም፣ ፕላቶም፣ አርስቶትልም አሉ፤ የሚናገሩት ግን በምክርና በምሳሌ ነው። ምክሩ ደረሰን፤ አንዱ ሌላውን የሞገተበት ክርክር ግን መንገድ ላይ ቀረ።

አስጀማሪው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ገንዘብ ያዡ በሽማግሌዎቹ ፊት የመጀመሪያውን ቀን አስታውሶ ነበር። 300 ብር ወስዶ፣ ደመወዝ ሲቀበል መልሶ አስገባ። ማንም አላወቀም። በሚቀጥለው ወር 500፤ እርሱንም መለሰ። ያኔ እንቅልፉን እንደተኛ ነው የነገረን። እንቅልፍ ያጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ መመለስ ሲያቅተው ነው። ጠበቃው ያነሣው ድንጋይ የተወረወረው እንግዲህ በ300ው ቀን ነበር፤ እኔ ደግሞ የያዝኩበት መውደቂያውን ብቻ ነው። «እያወቀ ነው ያጠፋው» ያልኩትን ግማሹን አንሥቻለሁ፤ በመጀመሪያው ቀን ያወቀው ነገር ከመጨረሻው ቀን ዕውቀቱ ጋር አንድ አልነበረም።

የፍልስፍና መምህሩ፦
እንግዲያው አንድ ጥያቄ ልጨምርልህ። አርስቶትል ክፋትን መርጦ የሚኖረውንና ራሱን መግዛት ያቃተውን ይለያል። የመጀመሪያው አይጸጸትም፤ ስለዚህም አይድንም። ሁለተኛው ይጸጸታል። ጥሩ ሕግ እያላት በሕጓ የማትሠራ ከተማን ይመስላል ይላል። የእናንተ ሰው የትኛው ነው?

አስጀማሪው፦
ሁለተኛው ነው። እሑድ ዕድሩ ስለ እርሱ ይሰበሰባል። ያጎደለውን በየወሩ እየከፈለ በአባልነቱ ይቀጥል፣ ድንኳን ተከላና ቀብር ላይ እንደ ቀድሞው ያገልግል፣ ሣጥን ግን በሁለት ሰው ቁልፍ ይሁን የሚል ሐሳብ አቀርባለሁ።

ጠበቃው፦
በሁለት ቁልፉ እስማማለሁ። በአባልነቱ እንዲቀጥል ግን ድምፄን አልሰጥም ነበር፤ 300 ብር የወሰደበት ቀን ጤነኛ ነበር።