ቪንላንድ ሳጋን ልቀጥል ወይስ ልተወው? የፍሪረንን ማንጋስ ከየት ልጀምር?

ሻይ_በሎሚ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ያየኋቸውን አኒሜዎች (የጃፓን የካርቱን ፊልሞች) ልንገራችሁና ምክር ስጡኝ።

የፍሪረንን አንደኛ ሲዝን ጨረስኩ። 28 ክፍል ነው፣ እንዳያልቅብኝ እየቆጠብኩ ነው ያየሁት። ገና በመጀመሪያው ክፍል ጀግናው ሂሜል ሲቀበር ፍሪረን ድንገት እንባዋ የሚመጣበት ቦታ አለ። አሥር ዓመት አብራው ተጉዛ፣ ለምን በደንብ ላውቀው አልሞከርኩም ብላ ታለቅሳለች። እኔንም ይዛኝ ሄደች። የአስማተኞቹ ፈተና ሲመጣ ግን ትንሽ ተጎተተብኝ። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው እሱን ነው፣ እኔ መንገድ ለመንገድ ሲሄዱ ነበር የምወዳቸው።

ከዚያ የቫይኪንጎቹ ታሪክ ቪንላንድ ሳጋ። አንደኛው ሲዝን አፍዞኛል። አሽክላድ የሚባለው ሰውዬ ክፉ ነው፣ ግን እሱ ካለ ሌላ ሰው አይታይም። ሁለተኛው ሲዝን ላይ ዋናው ልጅ ቶርፊን ባሪያ ሆኖ ጫካ ይመነጥራል። ይመነጥራል። አሁንም ይመነጥራል። ሰይፍ የለ፣ ጦርነት የለ። ትቼው ወጣሁ።

አታክ ኦን ታይታንንም ጨርሻለሁ። መጨረሻውን ወድጄዋለሁ፣ ክርክር አልፈልግም።

አሁን ጥያቄዬ። ቪንላንድን ልቀጥል ወይስ ይቅርብኝ? የፍሪረንን ማንጋ (አኒሜው የተሠራበትን የሥዕል መጽሐፍ) ከምዕራፍ ስንት ልጀምር? ማንጋ አንብቤ አላውቅም፣ በስልክ በሕጋዊ መንገድ፣ ዳታም ብዙ ሳይበላ የሚነበብበት አለ? ደግሞ የ11 ዓመት ታናሽ ወንድሜ "አብሬሽ ካላየሁ" እያለ መውጫ አሳጥቶኛል። እንግሊዝኛው ገና ስለሆነ የሰብታይትሉን ጽሑፍ አይደርስበትም። ምን ላሳየው?

ስፖይለር (ያላየሁትን ታሪክ) የሚነግረኝን እቀየማለሁ።

የጎጃም_ቫይኪንግ

እህቴ፣ ቀጥዪ። እኔ ገጠር ነው ያደግኩት፣ አንቺን ያሰለቸሽ ቦታ ነው እኔን ከወንበሬ ያስነሳኝ።

ቶርፊንና አብሮት ባሪያ የሆነው ኤይናር ዛፉን ከጣሉ በኋላ ጉቶው ይቀራል። እሱ ነው ዋናው ሥራ። ዙሪያውን ይቆፍራሉ፣ ሥሩን በመጥረቢያ ይቆርጣሉ፣ ገመድ አስረው ይጎትታሉ፣ ንቅንቅ የለም። ጉቶ ነቅሎ የሚያውቅ ሰው ያን ሲያይ ወገቡን ያመዋል። ፈረስ ያስፈልጋቸዋል፣ ግን ለባሪያ ማን ፈረስ ያውሳል? ከዚያ ሽማግሌው ስቬርኬል ይመጣል። እርሻዬን ሥሩልኝ፣ ፈረሱን ውሰዱ ዓይነት ነገር ነው። የኛው ወንፈል በይው። ጦርነት ብቻ የሚያውቅ ልጅ መሬት ላይ አንድ ነገር አብቅሎ ሲያይ ፊቱ ላይ የሚታየውን የትኛውም የሰይፍ ፍልሚያ አይሰጥሽም።

ማኮቶ ዩኪሙራ ይህን ማንጋ በ2005 ጀምሮ በ2025 ነው የጨረሰው። ሃያ ዓመት የጻፈ ሰው እርሻውን ያመጣው ገጽ ለመሙላት አይደለም። አንደኛው ሲዝን መግቢያ ነው፣ ታሪኩ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ናኒ_ናኒ

እኔ ደግሞ ጨርሼዋለሁ፣ ግን እንደ ቫይኪንጉ አልሰብክም። ይንቀረፈፋል። 24 ክፍል አያስፈልገውም ነበር፣ 18 ይበቃው ነበር። የንጉሥ ክኑት ክፍሎች ሲመጡ "ተመስገን፣ ከእርሻው ወጣን" ነበር የምለው።

ተግባራዊ ምክር ልስጥሽ፣ ክፍል 9 ድረስ ታገሺው። "መሐላ" ይባላል። ምን እንደሆነ አልነግርሽም። እሱን አይተሽ ልብሽ ካልተነካ ያለ ጸጸት ተይው፣ ማንም አይቆጣሽም። ሰው ሁሉ ስለወደደው ብቻ ራስን ማሠቃየት የለም። እኔ ዋን ፒስን ከ1,000 ክፍል በላይ አለው ሲሉኝ ነው የተሰናበትኩት፣ ደህና ነኝ።

በነገራችን ላይ ስቱዲዮው ስለተቀየረ አይደል እንዲህ የሆነው? አንደኛው የዊት ነበር፣ ሁለተኛው የማፓ ነው።

ቅጽ_አንድ

@ናኒ_ናኒ አይደለም። ስቱዲዮው ተቀየረ እንጂ ዳይሬክተሩ ያው ሹሄይ ያቡታ ነው። ፍጥነቱ የማንጋው ፍጥነት ነው። ማፓን አትውቀሺ።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። የፍሪረን አንደኛ ሲዝን ምዕራፍ 60 አካባቢ ነው የሚያበቃው። ለመቀጠል ብቻ ከሆነ ከ61 ጀምሪ። የቪንላንድ ሁለተኛ ሲዝን ደግሞ ምዕራፍ 100 ላይ ያልቃል፣ ከዚያ 101 ብለሽ ትቀጥያለሽ።

ግን ምክሬን ከጠየቅሽኝ ፍሪረንን ከ1 ጀምሪ። አኒሜው ጥሩ ስላልሆነ አይደለም፣ ስቱዲዮው ማድሃውስ ድንቅ ሥራ ነው የሠራው። ማንጋው ሌላ ጣዕም ስላለው ነው። ውጊያዎቹን ተመልከቻቸው። አኒሜው ላይ ሰማይ ምድሩ የሚናወጥበት ውጊያ ማንጋው ላይ በጥቂት ሥዕል ያልፋል። አንዳንዴ ፍሪረን አስማቷን ስትሰነዝር ታያለሽ፣ ገጹን ስትገልጪ አልቋል። ደራሲው ካኔሂቶ ያማዳም ሆነ የሥዕሉ ሠሪ ጹካሳ አቤ ለውጊያ ብዙም የጓጉ አይመስለኝም። አንቺን የጎተተሽ የፈተናው ክፍል ማንጋው ላይ ቶሎ ያልፍልሻል፣ መንገዱ ደግሞ ይበዛልሻል። ላንቺ የተሠራ ነው።

ሌላ አኒሜ ስትጨርሺ ግን "ከቆመበት ልቀጥል" የሚለው ሁሌ አይሠራም። ፕሮሚስድ ኔቨርላንድን ያየ ያውቃል። አንደኛው ሲዝን ማንጋውን ተከትሎ ሄደ፣ የ2021ዱ ሁለተኛ ሲዝን በ11 ክፍል ግማሹን ታሪክ ዘሎ ጨረሰው። ምርጥ የሚባለውን አርክ (የታሪኩን ምዕራፎች) ጭራሽ አላካተተም። እዚያ ሁለተኛውን ሲዝን ረስተሽ ማንጋውን ማንበብ ነው። ፉልሜታል አልኬሚስትም ሁለት ዓይነት ነው። የ2003ቱ ማንጋው ሳያልቅ ስለደረሰበት የራሱን መጨረሻ ፈጠረ። የ2009ኙ ብራዘርሁድ፣ 64 ክፍል ያለው፣ ማንጋውን ይከተላል። የትኛውን እንዳየሽ ሳታውቂ ማንጋውን መሃል ላይ ብትከፍቺ ግራ ይገባሻል።

ስለ ማንበቢያው፣ ማንጋ ፕላስ የሚባል መተግበሪያ አለ፣ የጃፓኑ አሳታሚ የሹኤይሻ የራሱ ነው። የብዙ ሥራዎችን የመጀመሪያ ሦስትና የመጨረሻ ሦስት ምዕራፎች በነጻ ያስነብባል፣ አዲስ ምዕራፍ ጃፓን ሲወጣ እኩል በእንግሊዝኛ ይገባል። ለዋን ፒስ ዓይነቱ ምርጥ ነው። ችግሩ ያንቺዎቹ የሹኤይሻ አይደሉም። ፍሪረን የሾጋኩካን ነው፣ ቪንላንድ የኮዳንሻ። ስለዚህ እዚያ አትፈልጊያቸው። በእንግሊዝኛ ፍሪረንን የሚያሳትመው ቪዝ ነው፣ ዲጂታል ቅጹ ይሸጣል። ማንጋ ማንበብ እንዴት እንደሆነ ለመልመድ ግን ማንጋ ፕላስ ላይ የማንኛውንም ሦስት ምዕራፍ ሞክሪ፣ ገንዘብ አታወጪም። ዳታውም ቢሆን አንድ ምዕራፍ ከአንድ የአኒሜ ክፍል ጋር አይወዳደርም፣ ትንሽ ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_አበሻ

ለጠያቂዋ ባይሆንም አሜሪካ ላላችሁ፣ ማንጋ እየገዛችሁ አትክሰሩ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ አውጡ። የማንጋ መደርደሪያ ያላቸው ብዙ ናቸው፣ በሊቢ መተግበሪያም በስልክ መዋስ ይቻላል። በነጻ ነው። ልጆቼ ዴሊሸስ ኢን ደንጀንን 14ቱንም ቅጽ ከቤተ መጻሕፍት አምጥተው ነው የጨረሱት። አሁን ወጥ ስሠራ አጠገቤ ቆመው "ይሄ የምን ጭራቅ ሥጋ ነው?" ይሉኛል።

ሻይ በሎሚ፣ እሱንም እዪው። ጭራቅ እያደኑ እየቀቀሉ የሚበሉ ሰዎች ታሪክ ነው። ቀልድ ይመስላል፣ ግን ቀስ ብሎ ይከብዳል። ፍሪረንን ከወደድሽ ይሄንን አትጠዪውም።

የጄዳ_ልጅ

ስለ ታናሽ ወንድምሽ እኔ ልመልስ። እኔ ሳዑዲ ነው ያደግኩት፣ ስፔስቱን የሚባል የዐረብኛ የልጆች ቻናል ነበር። የእግር ኳሱ አኒሜ ካፕቴን ጹባሳ እዚያ "ካፕቴን ማጂድ" ነበር ስሙ። ዐረብኛዬ ገና ሳይፈታ ነው ማጂድን ማየት የጀመርኩት። ኳሷ ስትመታ፣ ሰው ሲወድቅ፣ ጎል ሲገባ አስተርጓሚ አያስፈልግም። ለወንድምሽም ስፖርት ስጪው። ሃይኪዩ የመረብ ኳስ ነው፣ የ2014ቱ አንደኛ ሲዝን 25 ክፍል ነው። አጭሩ ልጅ ሂናታ ሲዘል አፉን ከፍቶ ነው የሚያየው። በየመሃሉ አቁመሽ አንድ ሁለት ቃል በአማርኛ ከነገርሽው ይበቃል።

ፊልም ከፈለግሽ ቶቶሮ። አንድ ሰዓት ከ26 ደቂቃ ነው፣ ብዙ ወሬ የለውም። ልጅቷ ዝናብ ላይ አውቶቡስ ስትጠብቅ ያ ትልቁ ፍጥረት አጠገቧ መጥቶ ይቆማል። ጃንጥላ ትሰጠዋለች። ጠብታው ጃንጥላው ላይ ሲያርፍ ድምፁን ይወደዋል። ይኸው ነው፣ ቃል የለም።

ግን አደራ፣ ጂብሊ (ቶቶሮን የሠራው ስቱዲዮ) የሚል ስላየሽበት ብቻ ሁሉንም አትክፈቺለት። በ1988 ከቶቶሮ ጋር በአንድ ቀን ሲኒማ የገባው ግሬቭ ኦቭ ዘ ፋየርፍላይስም የዚያው ስቱዲዮ ነው። ጦርነትና ረሃብ ነው፣ ልጅ ቀርቶ እኔም ደግሜ አላየውም። አታክ ኦን ታይታን አጠገብማ እንዳታስደርሺው። የመጀመሪያውን ክፍል አይተሽዋል፣ ታውቂዋለሽ።

ሻይ_በሎሚ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቪንላንድን ክፍል 9 ድረስ እሞክራለሁ፣ ቫይኪንጉ ደስ ይበልህ። ለወንድሜ ሃይኪዩን አስጀምሬዋለሁ፣ ሳሎን ውስጥ እየዘለለ እናቴ እየጮኸችበት ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ማንጋ ፕላስን አውርጄ አንዱን ከፈትኩ። ከቀኝ ወደ ግራ መሆኑን ሰምቻለሁ፣ ግን ሥዕሎቹ ሲደራረቡ የቱ ቀድሞ የቱ እንደሚከተል ይጠፋኛል። ሰውየው ሳይጠየቅ ይመልሳል።

ቅጽ_አንድ

ከላይ ቀኝ ጥግ ጀምሪ። ወደ ግራ ሂጂ፣ ሲያልቅ አንድ ደረጃ ውረጂና እንደገና ከቀኝ። አንድ ረጅም ሥዕል በቀኝ ቆሞ በግራው ሁለት ትንንሾች ከተደራረቡ፣ ረጅሙን ጨርሰሽ ከዚያ የላዩን፣ ከዚያ የታቹን። የንግግሩ ክቦችም እንደዚያው ናቸው፣ አንድ ሥዕል ውስጥ የቀኙ ሰው ቀድሞ ነው የሚናገረው። ሰውየው ሳይጠየቅ የመለሰብሽ ለዚያ ነው። ስልክሽን ወደ ጎን አታዙሪው፣ አቁመሽ አንድ ገጽ በአንድ ጊዜ እዪ።

ፍሪረን ላይ ስትደርሺ ደግሞ በሥዕሎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ልብ በዪ። ነጭ ከሆነ አሁን የሚሆን ነው። ጥቁር ሲሆን ብዙ ጊዜ ትዝታ ነው፣ የድሮው ጉዞ። ፍሪረን ደግሞ ትዝታ ታበዛለች።